የአቶ አይነካም ቤት

በለቅሶ ቤቱ በር አጠገብ የተቀመጡት ሁለቱ ጎረቤታሞች እያንሾካሾኩ መስሏቸዋል። አንደኛው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ዕድሜ ልኩን በማሽንና በሬዲዮ ድምፅ ላይ ሲያወራ ስለኖረ ሹክሹክታው የሌላ ሰው ጩኸት ያህላል። ሁለተኛዋ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናት፤ አንድ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሁሉን ነገር ታስደግማለች።

«እዚህ ቦታ ስምንት ፎቅ ሊቆም ነው የምልሽ።»

«ስንት?»

«ስምንት። ገዢው ቀብር ላይ ነበር። ያ ግራጫ ኮት የለበሰው። ከልጃቸው ጋር ቆሞ ሲያወራ አላየሽም?»

የሟች ትልቋ ልጅ ባዶ ስኒዎች ሰብስባ በመሃላቸው ስታልፍ ሁለቱም ጸጥ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ገና ጀርባዋን ሳትሰጣቸው ፀጉር አስተካካዩ ካቆመበት ቀጠለ። ሟቹ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እጅ እግር አስረው ሲያበቁ የራሳቸውን ቤት ሳያስመዘግቡ ሄዱ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይሄ ነገር እንኳ ደግ አይደለም አለ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት «ምን አልክ?» ስላለችው ሁሉንም እንደገና ተናገረው።

ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ ስኒዎቹን ውሃ ውስጥ ነከረች። እሷ መነጽር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ መስታወት የምትሞርድ፣ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ የማትወድ ሴት። ያን ዕለት ግን ተመልሳ ወጥታ የሆዷን ልትነግራቸው ትንሽ ነበር የቀራት። የከለከላት ነገር ቢኖር ፀጉር አስተካካዩ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው።

ሰፈሩ አባቷን «አቶ አይነካም» ይለው ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ የቅርስ ክፍል ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሮጌ ቤቶችን እየዞረ ያያል፣ ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ማን እንደሠራቸውና ማን እንደኖረባቸው ያጣራል፤ ከዚያ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «ይህ ቤት ይመዝገብ» ብሎ ይከራከራል። ኮሚቴው ከተስማማ በሩ አጠገብ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ይለጠፋል። ባለቤቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳያስፈቅድ መስኮት መቀየር፣ ሌላ ቀለም መቀባት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማፍረስ አይችልም። አንዳንዱ ሰው ሰሌዳውን በየሳምንቱ ይወለውለዋል። አንዳንዱ ደግሞ የአባቷን ስም ሲሰማ ደሙ ይፈላል።

ስሙን ያወጣለት ይኸው ፀጉር አስተካካይ ነው። በአንድ ወቅት የሱቁን የተቀረጸ የእንጨት በር ነቅሎ ፊቱን በሙሉ መስታወት ሊያደርገው ቆርጦ ነበር፤ መስታወቱን እንኳ አስጭኖ አምጥቷል። አባቷ መጣና በሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አይነካም» አለው። «እንግዲያው እርስዎም በእኔ መቀስ አይነኩም» አለው ፀጉር አስተካካዩ። ተኮራረፉ። አባቷ ሌላ ፀጉር ቤት መሄዱ ክህደት መስሎ ስለታየው ፀጉሩን አሳደገ። ኮሌታው ላይ መተኛት ሲጀምር እናቷ ወንበር ላይ አስቀምጣ በልብስ መቀስ ከረከመችው። እንደዚያ ሆኖ ወደ ሥራ ሲሄድ ያየው ፀጉር አስተካካይ አላስችል ብሎት መንገድ ላይ አስቆመው፤ ክንዱን ይዞ አስገብቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር አስተካክሎ ሸኘው። የእንጨት በሩ ዛሬም አለ፤ ፎቶ ሊነሱበት የሚመጡ ሙሽሮች እየበዙ ከመጡ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ነው ሐሳቡን ያመነጨው የሚመስለው።

መንገዱ በሙሉ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ተመዝግቧል። የቀረው አንድ ቤት ነው፤ የአቶ አይነካም። የቅርስ ክፍል ሠራተኛ የራሱን ቤት ማቅረብ አይችልም። ጡረታ ከወጣ በኋላም የኮሚቴው አማካሪ ሆኖ ስለቀጠለ ስለ ቤቱ ትንፍሽ አላለም። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፤ የእንጨት ሰገነትና ከድንጋይ የተጠረበ የበር አናት አለው። ውስጡ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጠባብ ደረጃ አለ፤ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፣ እጅ የሚያሳርፉበት ነገር የለውም። አባቷ የሞተው ከዚህ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው።

እናቷ ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ወዲህ ስንት ጊዜ መደገፊያ እንዲገጠምላት እንደጠየቀች ልጅቷ ታስታውሳለች። አባቷ ግድግዳውን እንደ ታማሚ ሆድ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ይመለከትና «አይነካም» ይላል። እናቷ ወደ ልጇ ዞር ስትል ልጅቷ የአባቷን ወገን ትይዛለች። «እማዬ፣ ሕጉ እኮ ነው» ትላት ነበር። በአባቷ ሥራ ትኮራ ነበርና ሌላ ነገር ማለት እንዳለባት አልታያትም። አባቷ ከወደቀ ወዲህ ደግሞ እናቷ ምድር ቤት ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላት ነው የምታድረው፤ ወደ መኝታ ቤቷ አልወጣችም።

እንግዳው ሲሳሳ ታናሽ ወንድሟ ወጥ ቤት ገባ። የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው፤ አባታቸው «ሲሚንቶው» እያለ ይጠራው ነበር፣ በፍቅርም በንዴትም። ከፔርሙሱ ቡና ቀድቶ ቆሞ ጠጣ። ገዢው እውነት መሆኑን አልደበቃትም። በሚሸጠው ቤት ፋንታ ለእናታቸው ደረጃ የሌለው፣ በሩ ሰፊ የሆነ የምድር ቤት መኖሪያ አግኝቶላት ነበር፤ ሄዶም መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር አይቶታል።

«አባዬን የበላ ደረጃ እማዬንም እስኪደግም ልጠብቅ?» አላት።

እሷም ሐሳቧን ነገረችው። ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አባታቸው ሲሞት ክልከላው አብሮ ስለቀረ አሁን ቤቱን ወራሾች ማቅረብ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው የሦስቱ ፊርማ ነው። ሐሙስ ካለፈ ኮሚቴው ለእረፍት ይበተናል፣ ገዢው ደግሞ በዚያ መሃል የማፍረሻ ፈቃድ ያወጣል። ወንድሟ ስኒውን አስቀመጠና አልፈርምም አላት። እንደ ጠላት አልነበረም የተናገረው፤ ደክሞት ነበር።

በማግስቱ የቅርስ ክፍሉ ኃላፊ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አባቷ ሥራ ያስተማራት፣ ጡረታ ሲወጣ በወንበሩ የተተካች ሴት ናት። እናትየውን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ የእንግዳ ወጓን ጨርሳ ከመነጽር ሠሪዋ አጠገብ ተቀመጠችና ስለ አለቃዋ ታወራ ጀመር። ሰው በለቅሶ ቤት ሲያወራ እንደሚያደርገው አንዱን ጀምራ ወደ ሌላው ትዘልቃለች። በዚያ መሃል ነው የአንዲት ልብስ ሰፊን ነገር ያነሳችው።

ሕጉ ገና ሲረቀቅ፣ አለች፣ አብዛኛው የኮሚቴ አባል የቤቶቹ ውስጥም እንዳይነካ ይፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት እግሯን የሚያማት ልብስ ሰፊ ደረጃዋ ላይ መደገፊያ ላስገጥም ብላ አመለከተች። ኮሚቴው ሊከለክላት ነው። የመነጽር ሠሪዋ አባት ተነስቶ፣ ከመወሰናችን በፊት ቦታውን እንየው ብሎ ለመናቸው። ወሰዳቸው። ከዚያ የኮሚቴውን አባላት በሙሉ አንድ በአንድ ደረጃዋን አስወጣቸው። ሰብሳቢው ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀመጡ፣ ከኋላቸው ያለው ማለፍ አቃተው፣ ከፊታቸው ያለው መመለስ አቃተው።

«እዚያው እንደተቀመጡ ነው የተስማሙት» አለች ኃላፊዋ፣ በዕንባዋ መሃል እየሳቀች። «ከመንገድ የሚታየው የከተማው ነው፤ ውስጡ የነዋሪው ነው። አንቀጹን የጻፉት አባትሽ ናቸው።»

ልጅቷ የሰማችውን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ውስጡን መንካት ይቻላል ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኃላፊዋ ግራ ገብቷት አየቻት።

«ፊቱን እስካልነካችሁ ድረስ ውስጡን ሊፍትም ብታስገቡበት ማን ይጠይቃችኋል?»

ፀጉር አስተካካዩ፣ ያልተጋበዘበት ጨዋታ ውስጥ መግባት ልማዱ ነውና፣ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ድምፁን አሰማ። እሱ የሱቁን ውስጥ ሁለቴ አፍርሶ ሠርቶታል፤ እንደሚቻል የነገሩት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። በእርግጥ፣ አለ ትንሽ አፍሮ፣ እኛ ደግሞ የሳቸውን ቤት በዓይነ ቁራኛ እንጠብቅ ነበር። አንዲት ምስማር መትተው ቢሆን ኖሮ ያኔ ጉድ ይፈላ ነበር፤ ለኛ ሲሆን አይነካም፣ ለሳቸው ሲሆን ይነካል ብለን ማዘጋጃ ቤቱን እናጥለቀልቀው ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ይህን ሳታስደግም ሰማችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

መነጽር ሠሪዋ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆሽቷ አሯል። ለማያውቃት ልብስ ሰፊ ኮሚቴውን በሙሉ ደረጃ የሚያስወጣ ሰው ለገዛ ሚስቱ አንድ ዘንግ እንጨት ነፈጋት። ለምን ቢባል ጎረቤት እንዳያማው። እሷ ደግሞ አጠገቡ ቆማ «ሕጉ እኮ ነው» እያለች ለማታውቀው ሕግ ጠበቃ ሆናለት ነበር። አባቷን ከቀበረችው ወዲህ ስታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን ልቅሶው ተቋረጠና ንዴት ብቻ ቀረ። ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለች። ይሸጥ፣ አለችው። እኔም እስማማለሁ። ወንድሟ ደስ ይለው ይሆናል ብላ ነበር፤ እሱ ግን «ምን ነካሽ፣ እትዬ?» ብሎ ጠየቃት።

ያን ዕለት እንግዶቹ ሲወጡ ሁለቱ ልጆች እናታቸው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ረቡዕ አመሻሽ ነበር። እናታቸው ጥቁር ቀሚሷ ላይ የተያዘውን ክር በጣቷ እየለቀመች ሁለቱንም አዳመጠች። ልጅቷ ነገሩን በወግ ልታቀርብ አስባ ነበር፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«እማዬ፣ አባዬ ዋሽቶናል። ውስጡ አይከለከልም ነበር እኮ። መደገፊያው ይቻል ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እንደሚቻል ነዋ። ያቺ ልብስ ሰፊ እኮ የኔን ልብስ ነበር የምትሰፋው። መደገፊያዋን ይዤ ወጥቼ ስንት ቀሚስ ተለክቻለሁ።»

ልጅቷ ታዲያ ለምን ዝም አልሽው ብላ ጠየቀች። እናቷ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ኋላ ተውኩት፣ ብላ ወደ ክሯ ተመለሰች። ሲሚንቶው ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ምድር ቤቱ መኖሪያ፣ ስለ ሰፊው በር፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ተናገረ። ሳይጨርስ እናቱ እጇን ከፍ አደረገች።

«አባታችሁ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችሁም ስለ ጉልበቴ ስታወሩ እሰማለሁ። አንዳችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም።»

ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እሷም ሳትቆጣ፣ የገበያ ነገር የምታወራ ያህል ረጋ ብላ፣ ከዚህ ቤት እንደማትወጣ ነገረቻቸው። አባታችሁ፣ አለች፣ የሰውን ቤት ሁሉ እንደ ልቡ ሲያወድስ ስለ ራሱ ቤት አፉን ይዞ ነው የኖረው። ከሥራ ሲመለስ ቶሎ አይገባም ነበር። መንገዱ ማዶ ቆሞ ቀና ብሎ ሲያየው ስንቴ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ሰው ሲያልፍ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስተካክል ይመስላል። እንደሚወደው ለኔ እንኳ አልነገረኝም። እንግዲህ ይመዝገብለት አለች።

«እና እዚህ ሳሎን ውስጥ ልትኖሪ ነው?» አላት ልጇ።

«መደገፊያውን ትገጥምልኛለህ። ከዚያ እፈርማለሁ፣ አንተም ትፈርማለህ።»

«በለቅሶ ቤት ድሪል? ሰው ምን ይለናል?»

«አባታችሁ እንደሆን አይነቃ» አለች እናቱ።

ሲሚንቶው ሳቁ አመለጠውና አፉን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ ራሱም የለየው አይመስልም። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እናቷ ስላወቀችና ስለተወችው ብቻ ንዴቷ አልበረደላትም። ይባስ ብሎ አሁን የምትናደድበት ሰው ሁለት ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ወንድሟ አንድ ሙሉ ዘንግ ለስላሳ እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። አናጢው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ሞርዶ ዘይት ቀብቶታል አለ፤ አናጢውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ግነት ነው። ግድግዳውን ሲበሳ ቤቱ በሙሉ ነዘረ። ቀድመው የመጡት እንግዶች ሳሎን ውስጥ ተያዩ። ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ ገባ፤ ደረጃው ሥር ቆሞ ያንን ግድግዳ፣ ያንን አቧራ አየና አፉ ተከፈተ። ሲሚንቶው ምንም ሳያስረዳው ውሃ ልኩን አቀበለው።

«ይሄን ይዘህ ቁም። አረፋዋ መሃል ስትሆን ንገረኝ።»

«ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ግን ያዘ። መደገፊያውን የሚያስሩት ቪቴዎች አንድ በአንድ ገቡ። እሱም አረፋዋን እየተመለከተ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ እያለ በዚያ በማይታዘዝለት ድምፁ ሲያዝ ቆየ። ግማሹ እንግዳ ከሳሎን ወጥቶ ይመለከት ነበር። ሲያልቅ ሲሚንቶው በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት፤ ንቅንቅ አላለም።

መነጽር ሠሪዋ እናቷን ደግፋ ከሳሎን አወጣቻት። እናቷ ከመጀመሪያው ደረጃ ሥር ቆመች። ቀኝ እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈች፤ ልስላሴውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ግን አልወጣችም።

«አይዞሽ፣ ጠንካራ ነው» አላት ልጇ።

«እንጨቱን መች ጠላሁት» አለች። ወደ ላይ አየች። «ከፊቴ የሚሄድ የለም እንጂ።»

ልጆቿ አልገባቸውም። ከፊቷ ሰው ለምን እንደሚያስፈልጋት ሲጠይቋት፣ እንግዳ መኖሩን የረሳች ይመስል፣ ነገረቻቸው። ያኔ መደገፊያ ከልክሎኝ ሳኮርፍ፣ አለች፣ በዚያው ምሽት መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ትከሻዬን ያዢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ስንወጣ ከፊቴ፣ ጠዋት ስንወርድ ከፊቴ፤ እኔ ግራ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ።

«አባታችሁ ፈጣን ሰው ነው። መንገድ አብረን ስንወጣ ሁልጊዜ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ነው የሚጠብቀኝ። ቀስ የሚልልኝ እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ ነበር። መደገፊያው ቢገጠም ይቀድመኛል ብዬ ነው የተውኩት። ያን ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ ተኛሁ። ብቻውን ወረደ።»

ፀጉር አስተካካዩ ውሃ ልኩን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። መነጽር ሠሪዋ አባቷን ይቅር አላለችውም፤ ቢያንስ በዚያች ሰዓት አላለችውም። ናፈቃት ግን። ከቀበረችው ወዲህ እንደዚያ ናፍቋት አያውቅም፤ በዚህ ጠባብ ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ አንድም ቀን ሳታየው መቅረቷ አንገበገባት።

ጫማዋን አወለቀች። በእናቷ ጎን አልፋ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። የእናቷ ግራ እጅ ሲፈልጋት ተሰማት፤ ክንዷን ነካ፣ ወደ ላይ ወጣና ትከሻዋ ላይ አረፈ፣ ደግሞ ተነሳ።

«እሱ ትንሽ ከፍ ይላል» አለች እናቷ።

ልጅቷ በእግሯ ጣቶች ቆመች። የእናቷ እጅ ተመልሶ መጣና አረፈ፣ ከበደ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የእናቷን ትንፋሽ እየጠበቀች፣ ተረከዟን አንዴም ሳታሳርፍ እስከ ላይ ወጣች።